ንጉሥ ሚካኤል እና አይጠየፍ፤ ቤት ሲታደስ ለማን ነው?

ደሴን የሚያውቅ ሰው አይጠየፍን ያውቃል። ንጉሥ ሚካኤል በ1907 ዓ.ም. ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ስሙ ብዙ ሐተታ አያሻውም። ሀብታሙንም ድሃውንም፣ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ሳይጠየፍ የሚያስገባ ቤት ለማለት እንደሆነ ሲነገር ኖሯል። በአገራችን መጠየፍ የሚለው ቃል ከማዕድ፣ በተለይም ከሥጋ ጋር እንዴት እንደተቆራኘ ለወሎ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል።

ስለ እኚህ ንጉሥ ዛሬ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ደሴ የሚገኘውን የወላጆቻችንን ቤት እናድስ ብለን ከወንድሞቼና ከእህቴ ጋር መነጋገር ከጀመርን ወራት ተቆጥረዋል። ስለ ሴራሚክ፣ ስለ ጂፕሰም ኮርኒስ፣ ስለ አልሙኒየም መስኮት ያልተባባልነው ነገር የለም። ክርክሩ በከረረ ቁጥር ሐሳቤ ወደ አይጠየፍ ይሄዳል። አዳራሹን ያሠሩት ሰው ከድንጋዩና ከእንጨቱ አስቀድመው አንድ ጥያቄ የመለሱ ይመስለኛል፤ በዚህ ቤት ማን ይግባ?

ንጉሥ ሚካኤል ሲወለዱ ሚካኤል አልነበሩም። የወረ ሂማኖ ገዥዎች ዘር፣ የኢማም አሊ አባ ቡላ ልጅ መሐመድ አሊ ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከዛሬዋ ደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ። መሐመድ አሊ በዚያው ዘመን ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ሆኑ። የራስነት ማዕረግም ተሰጣቸው። ሌላው የወሎ ባላባት አመዴ ሊበን ደግሞ ኃይለ ማርያም ተብለው ንጉሥ ምኒልክ የክርስትና አባት ሆኗቸው።

ይህን ምዕራፍ አለሳልሶ ማለፍ ለታሪክ አይበጅም። የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተገዷል። እምቢ ያለው ተሰዷል፣ ሸፍቷል፤ እንደ ሼህ ጠልሃ ያሉ ሊቃውንትም አመፅ መርተዋል። ራስ ሚካኤል በዚያን ጊዜ የቆሙት ከንጉሠ ነገሥቱ ወገን ነበር። ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ለተሠራው አዳራሽ አይጠየፍ የሚል ስም ሲወጣለት ይህን ሁሉ የሚያስታውስ ሰው በከተማው ሞልቶ ነበር። ስሙን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በአንድ ማዕድ የሚቀመጠው ሕዝብ ትናንት በአንድ አዋጅ የተከፈለ ነበርና።

ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ራስ ሚካኤል ለምኒልክ ገቡ። የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ። በ1888 ዓ.ም. የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ዓድዋ ዘመቱ። መቀመጫቸውንም ከተንታ ወደ ደሴ አዛወሩ። ዐፄ ዮሐንስ ሰፍረውባት ስም አወጡላት የምትባለውን ስፍራ ከተማ ያደረጓት እሳቸው ናቸው። ከጦሳ ግርጌ፣ በዳገትና በቁልቁለት መካከል፣ ጉሙ ከማይለቃት ቦታ ላይ ከተማ መቆርቆርም አንድ የዲዛይን ውሳኔ ነው። ደሴ ላይ ቤት የሠራ ሁሉ እስከ ዛሬ ከዚያ ውሳኔ ጋር ይታገላል፤ መሠረቱን ከዳገቱ ጋር ማስታረቅ አለበት።

ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ዙፋኑ ለልጅ ኢያሱ ሆነ፤ አባትዬውም በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በዓመቱ አይጠየፍ ተሠራ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የቤተ ዘመድ ጠብ ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። ከቀረበባቸው ክስ ዋነኛው ወደ እስልምና አዘንብለዋል የሚል ነበር። አልጋውን የያዙት ንግሥት ዘውዲቱ የሸዋረጋ እህት ናቸው፤ ማለትም የንጉሥ ሚካኤል የሚስት እህት። አልጋ ወራሽ የተባሉት ራስ ተፈሪም ባዕድ አልነበሩም። ባለቤታቸው ወይዘሮ መነን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የወይዘሮ ስሂን ልጅ ናቸው። የመነንና የተፈሪ ልጅ አስፋ ወሰን የተወለዱት በሐምሌ 1908 ዓ.ም. ነው። ቅድመ አያትየው ለልጃቸው አልጋ ሊዋጉ ጦር ይዘው ሲነሡ ሕፃኑ ገና ሦስት ወር አልሞላውም ነበር።

የወሎ ጦር ቶራ መስክ ላይ ድል አድርጎ ራስ ልዑል ሰገድን ገደለ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ግን ሰገሌ ላይ ተሸነፈ። ንጉሥ ሚካኤል ተማርከው በሰንሰለት አዲስ አበባ ገቡ። በ1910 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በእስር እንዳሉ ዐረፉ። አስቡት፤ በአዳራሻቸው ግብር ያበሉት ሁለት ዓመት ቢሆን ነው።

ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝና ይህን ታሪክ ሳነብ የውርስ መዝገብ የማነብ ይመስለኛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የጋራ ንብረትን የታሰበለትን አገልግሎት ለመለወጥ የባለቤቶቹን ሁሉ ስምምነት ይጠይቃል። ብልህ ድንጋጌ ነው። ግድግዳ ከመፍረሱ በፊት ባለቤቶቹ ቤቱ ለምን እንደቆመ እንዲነጋገሩ ያስገድዳልና። ያው ሕግ ግን ካልተስማማችሁ ተካፈሉ፣ መካፈል ካልተቻለም ሽጡ የሚል በርም ከፍቷል። በዚያ በር የወጣ ቤተሰብ ተመልሶ በአንድ ሳሎን ሲቀመጥ በሥራ ዘመኔ ያየሁት ጥቂት ነው።

የእኛም ነገር እዚሁ ላይ ነው። አባታችን ያሠሩት ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ጣውላ ነው። ሳሎኑ ከመኝታ ቤቶቹ ድምር ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ሠርግም፣ ለቅሶም፣ ዝክርም የተስተናገደው እዚያ ነው። እናታችን ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ድስቱንም ሳህኑንም ለብቻ ታስቀምጥ ነበር። በጉንም የሚባርከው ከእነሱው አንዱ ነበር። ማንም ማንንም ሳይጫን አንድ ጣሪያ ሥር ይበላል፤ ወሎ የዚህ ዓይነት ቤት ብርቅ አይደለም።

ኮምቦልቻ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ሳሎኑ ለሦስት ተከፍሎ ይከራይ ይላል። ሐሳቡን አልንቅም፤ ልጆች የሚያስተምር ሰው ነው፣ ሲሚንቶና ፌሮም በነጻ አይገኝም። መስኮቶቹም እንደ ኮምቦልቻው ቤቱ ሰፋ ይበሉ ይላል። ሐረጎን ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚኖር የደሴን ብርድ የረሳ ይመስለኛል። ቆላማው ኮምቦልቻ ላይ ነፋስ የሚያስገባ መስኮት ደሴ ላይ ጉም ያስገባል። አሜሪካ ያለችው እህታችን ደግሞ ኩሽናው ከሳሎኑ ጋር ክፍት ይሁን ትላለች፤ ቁሌቱ ሲጤስ እንግዳው የት ይሂድ ብንላት መልስ አልሰጠችም።

የእኔ ሐሳብ ሳሎኑ ሳይነካ ይቆይ ነው። የሚከራይ ካስፈለገ ጓሮው ላይ በብሎኬት ሁለት ክፍል ይሠራ። ጣውላው የበሰበሰው ይቀየር፣ የደረቀው ይቆይ። ከቆርቆሮው ሥር ብርድ የሚከላከል ኮርኒስ ይግባ፣ መስኮቱ ጠበብ ብሎ ፀሐይ ወደሚገባበት ይዙር። የወንድሜ ፊርማ እስካሁን አልመጣም። እኔም ፍርድ ቤት የመሄድ ሐሳብ የለኝም፤ ወንድሜን ከምረታው ቤቱ ሳይታደስ አንድ ክረምት ቢያልፍ እመርጣለሁ።

እንደ አይጠየፍ ያሉ ቅርሶች ጠባቂ ሕግ አላቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይጠገን ደንግጓል። የእናንተንና የእኛን ሳሎን ግን የሚጠብቅ አዋጅ የለም። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነት ገብቶባቸው ብዙ ንብረት ወድሟል፣ ተዘርፏል። ከዚያ ወዲህ የሚጠግነውና የሚያድሰው ብዙ ነው። አጥሩን ከፍ፣ በሩን ጠበብ፣ ሳሎኑን አነስ ማድረግ ለምን እንደሚያምር ይገባኛል። የፈራ ሰው ቤቱን የሚሠራው እንደዚያ ነው።

ንጉሥ ሚካኤል ዘውዳቸውን ለልጅ አላወረሱም፣ ከአማቾቻቸውም ጋር ሳይታረቁ ሞቱ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ደሴን ከአየር ደበደበ፣ ዘውዱም በ1967 ዓ.ም. ቀረ። አዳራሹ ግን ዛሬም ከነስሙ ቆሟል። እናንተም ፎርማኑ ፕላኑን ዘርግቶ የትኛው ግድግዳ ይፍረስ ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ ከዚያ ግድግዳ ወዲህ እነማን ይቀመጡ እንደነበር ቤተሰቡን ሰብስባችሁ ተነጋገሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ሴራሚኩ ቀለም መከራከር ይቻላል።