አልፎንሶ ኮርቲ

አልፎንሶ ኮርቲ እ.ኤ.አ. በ1822 በሰሜን ኢጣልያ፣ ከፓቪያ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው በጋምባራና መንደር ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደ። የሕክምና ትምህርቱን በፓቪያ ከጀመረ በኋላ የአባቱን ፈቃድ ሳያገኝ በ1845 ወደ ቪየና ሄዶ በ1847 በዶክተርነት ተመረቀ። በሚቀጥለው ዓመት ግን በቪየና አብዮት ስለ ተነሣ ከተማይቱን ለቅቆ ወጣ። በልዩ ልዩ አገሮች ከተዘዋወረ በኋላም በጀርመን አገር ቩርዝቡርግ ከሚገኘው ከፕሮፌሰር ኮሊከር ቤተ ሙከራ ደረሰ።

በዚያ ዘመን ሰው እንዴት እንደሚሰማ በግልጽ የሚያውቅ አልነበረም። ለዚህም ምክንያት ነበረው። የውስጠኛው ጆሮ በራስ ቅል ውስጥ እጅግ በጠነከረ አጥንት ተከብቦ የሚገኝ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠመዘዘ ጠባብ ቦይ ነው። በውስጡ ያለው ለስላሳ አካል ደግሞ ከሞት በኋላ ፈጥኖ ይበላሻል። ኮርቲ ከሰውና ከእንስሳት የተገኙ ሁለት መቶ ያህል የውስጥ ጆሮዎችን በትዕግሥት ከፍቶ በማይክሮስኮፕ መረመረ። ብርሃን የሚያሳልፉት ሕዋሳት ለዓይን ጎልተው እንዲታዩም ካርሚን በተባለ ቀይ ቀለም ነከራቸው። የድካሙን ፍሬ በ1851 በጽሑፍ አወጣ፤ ያገኘውንም አካል ኮሊከር በስሙ የኮርቲ አካል ብሎ ሰየመው።

የዚህ አካል አሠራር የታወቀው ከእርሱ በኋላ በመጡ ሊቃውንት ጥረት ነው። በእያንዳንዱ የሰው ጆሮ ውስጥ ዐሥራ አምስት ሺህ ያህል ጸጉር አዘል ሕዋሳት በአራት ረድፍ ተሰልፈው ይገኛሉ። ድምፅ የጆሮን ታምቡር ሲመታ ንዝረቱ በቦዩ ውስጥ ወዳለው ፈሳሽ ይተላለፋል፤ በሕዋሳቱ አናት ላይ ያሉት ጥቃቅን ጸጉሮችም ይጎነበሳሉ። ሕዋሳቱ በዚህ ጊዜ ለነርቭ መልእክት ያቀብላሉ። ድምፁ ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ ግን ጸጉሮቹ ይታጠፋሉ፤ ይሰበራሉም። አደጋው በዚህ ብቻ አያበቃም፤ ከአቅም በላይ የሠራ ሕዋስ በውስጡ ጎጂ የኦክሲጅን ውሕዶችን ስለሚያከማች፣ ጩኸቱ ካቆመ ከቀናት በኋላ እንኳ ሊሞት ይችላል። ከነርቭ ጋር የሚገናኝባቸው ነጥቦችም ይጠፋሉ። በዶሮ ጆሮ ውስጥ የሞተው ሕዋስ በሌላ ይተካል፤ በሰው ጆሮ ግን አይተካም። ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚጎዱት ለቀጫጭን ድምፆች የተመደቡት ሕዋሳት ናቸው። ስለዚህ ተጎጂው ሰዎች ሲናገሩ እየሰማ ቃላቱን ለመለየት ይቸገራል፤ ሕመም ስለማይሰማውም ጉዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ያህል ከ85 ዴሲቤል በላይ በሆነ ጩኸት ውስጥ ለዓመታት የሚሠራ ሠራተኛ ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ነው።

ኮርቲ ይህን ሁሉ ለማየት አልታደለም። የምርምር ዘመኑም እጅግ አጭር ነበር። አባቱ ሲሞት የማርኪዝነት ማዕረግ ወረሰ፤ በ1855 አግብቶ ሳይንስን ፈጽሞ ተወ። ሚስቱ ሴት ልጅና ወንድ ልጅ ወልዳለት በ1861 ስለ ሞተች ልጆቹን ያሳደገው ብቻውን ነው። እነዚያን ረቂቅ አካላት ሳይቀድዱ ይለያዩ የነበሩትን እጆቹንና እግሮቹንም የመገጣጠሚያ በሽታ እያደር አሰናከላቸው። በዚህ ሁኔታ በገጠር ርስቱ በኮርቪኖ ሳን ኲሪኮ ሲኖር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1876 በ54 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ።