ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፤ በጠባሳ የተገኘ የትውልድ ሐረግ

በድሬዳዋ ከተማ ሰው ስለ ዘሩ ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ እንደየቤቱ ነው። የሶማሌ ሽማግሌ አብቲርሱን ይጠራል፤ ከአባቱ ጀምሮ ወደ ላይ የአያት የቅድመ አያቱን ስም ሳያቋርጥ ይቈጥራል። ከሐረር ወርዶ የሰፈረው በቃዲ ፊት የተጻፈ የውርስ ወረቀት ይጠቅሳል። ለባቡር ሥራ ከሰሜን የመጣው ደግሞ እስከ ሰባት ቤት ቈጥሮ፥ የአያቱ ርስት በየትኛው ደብር ወንጌል ኅዳግ ላይ እንደ ተጻፈ ይናገራል።

በአሜሪካ አገር የቀድሞ አያቱን የሚፈልግ ሰው ዋና መሣሪያው የፍርድ ቤት መዝገብ ነው። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን በቨርጂኒያ አንድ ባለ ትንባሆ እርሻ ሲሞት ኑዛዜው ይመዘገባል፤ ንብረቱም በግምት ዋጋ ይዘረዘራል። በዝርዝሩ መሬቱ፥ ላሞቹ፥ ድስቱና አልጋው፥ ባሮቹም ሳይቀሩ ይገባሉ። የባለ እርሻው ተወላጅ በዚህ ወረቀት አያቱን ያገኛል። የባሪያው ተወላጅ ግን አያቱን ማግኘት የሚችለው፥ ያውም ዕድል ከረዳው፥ በሌላ ሰው ንብረት ዝርዝር ውስጥ ነው፤ የሚያገኘውም አብዛኛውን ጊዜ የአባት ስም የሌለው አንድ ነጠላ ስም ነው።

በሌላ ሰው ወረቀት ውስጥ የአባቱ ስም የጠፋበት ሰው በኛም አገር ነበረ። እሱም የዘመናዊ ሕክምና ትምህርት በመማር ከኢትዮጵያውያን ሁሉ የመጀመሪያው የሆኑት፥ በኋላም የድሬዳዋ ጎረቤት የሆነውን የጨርጨርን አገር የገዙት አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው።

ወርቅነህ በ1857 ዓ. ም. በጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ እሸቴ ወልደ ማርያም ይባሉ ነበር። ቤተ ሰቡ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ማለቂያ ወደ መቅደላ ሄደ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም. የሰር ሮበርት ናፒየር ጦር አምባውን ይዞ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሲገድሉ፥ ወርቅነህ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። በዚያ ግርግር ከወላጆቻቸው ተለይተው ብቻቸውን ሲያለቅሱ የእንግሊዝ ወታደሮች አገኟቸው። ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል መኰንን ሕፃኑን ይዞ ወደ ህንድ ወሰዳቸው።

ከዚያው አምባ ሌላም ልጅ ተወስዷል፤ እሱም የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። የልዑሉ ዘር አንድም ቀን አጠራጥሮ አያውቅም፤ ሥዕሉ በፎቶግራፍ ተነሥቷል፥ አኗኗሩ በደብዳቤ ተጽፏል። ሆኖም በ1872 ዓ. ም. በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንድሶር ተቀበረ፤ ዐፅሙ ለአገሩ እንዲሰጥ የቀረበውም ልመና በቅርቡ እንኳ፥ በ2015 ዓ. ም.፥ ተቀባይነት አላገኘም። ማን እንደ ሆነ የታወቀው ሳይመለስ፥ የማን ልጅ እንደ ሆነ ያልታወቀው ተመለሰ። ይህን ነገር ባሰብሁት ቍጥር ይገርመኛል።

ኮሎኔል ቻምበርሌን ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ሞተ። ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል የልጁን ወጪ ችሎ በሚስዮን ትምህርት ቤት አስተማራቸው። ስማቸውም ከሁለቱ መኰንኖች ተዋጥቶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ፤ ቻርልስ ከመጀመሪያው፥ ማርቲን ከሁለተኛው መሆኑ ነው። በኛ ቋንቋ ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነውና፥ በዚህ ስም የተጠራ ሰው አባቱ ማነው ቢባል መልሱ አንድ የእንግሊዝ ወታደር ሊሆን ነው። በላሆር የሕክምና ኮሌጅ በ1874 ዓ. ም. ትምህርታቸውን ሲጨርሱ፥ በመንግሥት ሥራ በበርማ ሲመደቡ፥ ስኮትላንድ ድረስ ሄደው ተጨማሪ የሕክምና ማዕርግ ሲቀበሉ የተጻፉት ወረቀቶች ሁሉ የሚያውቁት ዶክተር ማርቲንን ብቻ ነው። ዛሬ አንድ ሰው የህንድን መንግሥት የአገልግሎት መዝገብ ብቻ ይዞ የእኚህን ሐኪም ዘር ቢፈልግ መድረሻው የኮሎኔል ቤት እንጂ ጎንደር አይሆንም።

እሳቸው ግን ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ያውቁ ነበር። የማያውቁት የማን ልጅ እንደ ሆኑ ነው። የዐድዋ ድል ወሬ በየካቲት 1888 ዓ. ም. በዓለም ሁሉ ሲሰማ አገራቸውን የማየት ፍላጎት አደረባቸው፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ፥ በ1892 ዓ. ም. ገደማ፥ ፈቃድ ተቀብለው አዲስ አበባ ገቡ። አማርኛው ከአንደበታቸው ጠፍቶ ነበርና የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። ድንኳን ተክለው በሽተኛ ማየት ጀመሩ። መልኩ ሐበሻ፥ ልብሱና ቋንቋው እንግሊዝ የሆነ ሐኪም መጣ ተብሎ ሕዝቡ ጎረፈ፤ ከመቅደላ በሕፃንነቱ የተወሰደ ነው የሚለውም ወሬ ከድንኳኑ ወጥቶ በከተማው ተሰማ።

ወሬውን ከሰሙት አንዷ አሮጊት ሴት ነበሩ። በመቅደላ የልጅ ልጃቸው ጠፍቶባቸዋል። መጡና ሐኪሙን አዩ። ሕፃኑ በክንዱና በእግሩ ላይ ጠባሳ ነበረው፤ ተፈለገ፥ ጠባሳው ተገኘ። አያትየዋም ይህ ወርቅነህ ነው፥ የእሸቴ ልጅ ነው ብለው መሰከሩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠፍቶ የነበረው ስም ያን ዕለት ተመለሰ።

ምናልባት የሕግ ትምህርት የቀመሰ አንባቢ፥ ጠባሳ እንዴት ማስረጃ ይሆናል ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ የልጅ ጠባሳ ያለው ሰው ብዙ ነው። ዳሩ ግን ነገሩን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል። የጠፋበት ቦታ መቅደላ፥ ጊዜው የአምባው መያዝ፥ ዕድሜው ከሦስት ዓመት የማይበልጥ፤ በዚህ ሁሉ ላይ ምልክቱ በታወቀው ስፍራ መገኘቱ ሲጨመር፥ በእኔ አስተያየት ከብዙ የውርስ ፋይል የበለጠ ጠንካራ ነው። ወረቀቱ የጻፈው ያሳዳጊውን ስም ነው፤ ሰውነቱ ላይ የቀረውን ግን ማንም ሊለውጠው አልቻለም። የአያት ትዝታ ባይኖር ኖሮ ግን ጠባሳውም ዝም ባለ ነበር።

ሐኪሙ ወዲያው ለመቅረት አልቻሉም፤ አለቃቸው የእንግሊዝ መንግሥት ነበርና ወደ በርማ ተመለሱ። በ1900 ዓ. ም. የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው እንደ ገና መጡ። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ያን ጊዜ የሚያልቀው በድሬዳዋ ነበረ፤ ከጂቡቲ በባቡር የመጣ መንገደኛ እዚህ ወርዶ የቀረውን መንገድ በበቅሎ ይቀጥል ነበር። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። ለዘለቄታው አገራቸው የገቡት ግን ከህንድ መንግሥት ሥራ ጡረታ ከወጡ በኋላ በ1911 ዓ. ም. ግድም ነው። ከዚያ ወዲያ የሠሩትን ሁሉ ለመዘርዘር ይህ ገጽ አይበቃም። የልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ፤ በ1917 ዓ. ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት አስተዳደሩ፤ ነጻ የወጡ ባሮችን የሚረዳና ልጆቻቸውን የሚያስተምር ማኅበር አቋቋሙ፤ የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጻፉ።

በ1920 ዓ. ም. መጀመሪያ ስለ ጣና ሐይቅ ግድብ ከአንድ የአሜሪካ መሐንዲስ ኩባንያ ጋር ለመዋዋል ወደ ኒውዮርክ ተላኩ። እዚያም ሳሉ ሐርለም ወደሚባለው የጥቁር ሰዎች ሰፈር ሄደው፥ የእጅ ሥራና ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋበዙ። ከአድማጮቻቸው ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸው ከአንድ ባለ እርሻ የንብረት ዝርዝር ወዲያ የማይሻገር ሰዎች ነበሩ። ከፊታቸው የቆሙት ሰው ደግሞ በሠላሳ አምስት ዓመት ዕድሜው አያቱን ያገኘ ነበረ።

ለኛ ለምሥራቅ ሰዎች የሚቀርበው የጨርጨሩ ዘመን ነው። ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ የሚሄደው የቀድሞው ባቡር ኤረርንና አፍደምን አልፎ ሚኤሶ ሲደርስ፥ በስተ ግራ የሚታየው ደጋ የቡናው አገር ጨርጨር ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላ፥ ከ1923 ዓ. ም. ግድም ጀምሮ፥ ይህ አውራጃ ለሌላው ሁሉ ምሳሌ እንዲሆን ተመርጦ ለአዛዥ ወርቅነህ ተሰጠ። ዛሬ ጭሮ የምትባለው አሰበ ተፈሪ ዋና ከተማቸው ነበረች። ከደጋው እስከ ባቡሩ ጣቢያ መንገድ እንዲወጣ አደረጉ፤ ሹሙ ከገበሬው በሚያገኘው ድርጎ ሳይሆን በደመወዝ እንዲኖር፥ ግብሩም በታወቀ ልክ እንዲሆን ጣሩ፤ የተማሩ ወጣቶችንም በሥራው አስገቡ። ጸሓፊ ቤት ገብቶ መዝገብ የሚያገላብጥ ወጣት ሠራተኛ ይህን ቢያስተውል መልካም ነው፤ የራሳቸው ስም በወረቀት የጠፋባቸው ሰው ያስተዳደሩት በወረቀትና በደንብ ነበር።

ጣሊያን ሲወር አዛዥ ወርቅነህ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ዕድሜያቸው 70 አልፎ ነበር። በግንቦት 1928 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ሎንዶን ሲገቡ ተቀበሏቸው፤ የአገራቸውንም ጉዳይ በጋዜጣም በስብሰባም ሲያስረዱ ቈዩ። በእንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱት ሁለት ልጆቻቸው፥ ዮሴፍና ቢንያም፥ ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ዘምተው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣሊያኖች በበቀል ካስገደሏቸው የተማሩ ወጣቶች መካከል ሁለቱም ነበሩ። አባትየው በሩቅ አገር ሆነው መርዶውን ሰሙ። በመቅደላ ወላጆቻቸውን ያጡት ሰው በእርጅናቸው ልጆቻቸውን አጡ።

ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ገብተው በመስከረም መጨረሻ 1945 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ። ለብዙ ዓመታት የዕለት ማስታወሻቸውን የጻፉት በልጅነት በተማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ፒተር ጋሬትሰን የተባለ የታሪክ ሊቅ ይህን ማስታወሻ መሠረት አድርጎ የጻፈው የሕይወት ታሪክ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2012 ታትሟል፤ በርእሱም ላይ ሐኪም ወርቅነህና ዶክተር ቻርልስ ማርቲን የሚሉት ሁለቱም ስሞች ተከታትለው ይገኛሉ። አያትየዋ ያወቁት ስም የቀደመው ነው።