ዶክቶር አልዛይመርና የመርሳት በሽታ

በሱዳን ወሰን ላይ በምትገኘው በኩርሙክ፣ በልጅነቱ ወርቅ ያጥብበት የነበረውን ወንዝ አንድ በአንድ የሚናገር፣ ነገር ግን ጧት ቁርስ መብላት አለመብላቱን የማያስታውስ ሽማግሌ ቢገኝ፣ ጎረቤቱ ጃጀ ብሎ ያልፈዋል። በጎንደርም በአዲስ አበባም እንደዚሁ ነው። ነገሩ የዕድሜ ብቻ ሳይሆን የበሽታ ሊሆን እንደሚችል በዓይኑ አይቶ ያሳየውን ሐኪም ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሎይስ አልዛይመር በ1864 በጀርመን አገር፣ ማርክትብራይት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ሕክምና ከተማረ በኋላ በ1888 በፍራንክፈርት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሥራ ያዘ። በዚያም ሕሙማኑን እያነጋገረ፣ ከባልደረባው ከፍራንዝ ኒስል ጋር ደግሞ የሞቱትን ሰዎች አንጎል በማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር። ለኋላው ዝናው ምክንያት የሆነው፣ በእኛ አስተያየት፣ እነዚህን ሁለት ሥራዎች አለመለየቱ ነው።

በ1901 ሚስቱ ሦስት ልጆች ትታበት ሞተች። በዚያው ዓመት በኅዳር አውጉስተ ዴተር የምትባል የ51 ዓመት ሴት ወደ ሆስፒታሉ ገባች። ያሳያትን ዕቃ ስሙን ትናገራለች፤ ጥቂት ቆይቶ ሲጠይቃት ግን ማየቷንም አታስታውስም። ስሟን መጻፍ ትጀምርና መካከል ላይ የጀመረችውን ትረሳዋለች። አልዛይመር በ1903 ወደ ሙኒክ ቢዛወርም ይህችን ሴት አልዘነጋትም፤ በ1906 ስትሞት አንጎሏን አስልኮ መረመረው። በብር ውሕድ ቀለም በነከረው ጊዜ በሕዋሶቹ መካከል የተከማቸ ጉድፍ፣ በሕዋሶቹም ውስጥ እንደ ክር የተወሳሰበ ነገር ታየው። በኅዳር 3 ቀን 1906 በቱቢንገን ለተሰበሰቡት ሐኪሞች ሲገልጽ ጥያቄ ያቀረበለት አልነበረም። በሽታውን በስሙ የጠራው አለቃው ኤሚል ክሬፔሊን ነው፤ በ1910። አልዛይመር ራሱ በ1915 በብሬስላው ሞተ። ዕድሜው 51 ነበር፤ አውጉስተ ወደ ሆስፒታሉ ስትገባ የነበራት ዕድሜ ማለት ነው።

ያየው ነገር ምን እንደሆነ የተለየው በ1980ዎቹ ነው። ጉድፉ ቤታ አሚሎይድ፣ ክሩ ታው የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። አሚሎይድ ገና በጥቃቅኑ ሲጠራቀም ሕዋስ ከሕዋስ መልእክት የሚቀባበልበትን መገናኛ ያውካል፤ አዲስ ትምህርት የሚያዘውም ይህ መገናኛ ሲጠነክር ነው። ታው በደኅናው ጊዜ የሕዋሱን የውስጥ መተላለፊያ ደግፎ የሚይዝ ሲሆን፣ ከቦታው ሲላቀቅ ይተበተባል፣ ሕዋሱም ይሞታል። ጥፋቱ ቀድሞ የሚበረታው አዲስ ነገር በሚመዘገብበት በሂፖካምፐስና በአካባቢው ስለሆነ፣ የዛሬው ቁርስ ሲጠፋ የጥንቱ ወንዝ ይቆያል።

ነገር ግን መርሳት ሁሉ ይህ በሽታ አይደለም። የታይሮይድ እጢ መድከም ወይም የቫይታሚን ቢ12 ማነስም ያስረሳል፤ እነዚህ በደም ምርመራ ይታወቃሉ፣ ይታከማሉም። ለአልዛይመር በሽታ ግን በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ የተባለው መድኃኒት አሚሎይዱን ከአንጎል ጠርጎ የበሽታውን ጉዞ በጥቂቱ ያዘገየዋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም።