ከሳን ፈለ እስከ ሄቦ፦ የቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ሕይወት

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢጣልያ ከአውሮፓ ደቡብ ተነሥታ ወደ ሜድትራንያን ባሕር በቡትስ ጫማ አምሳል የተዘረጋች ባሕረ ገብ ምድር ናት። የአፔኒን ተራሮች እንደ ጀርባ አጥንት ከላይ እስከ ታች ይዘልቁባታል። በደቡቧ፣ በናፖሊና በፑልያ መካከል፣ ባዚሊካታ የሚባል ወጣ ገባ አገር ይገኛል። አቡነ ያዕቆብ ብለን የምንጠራቸው ቅዱስ ዮስጢኖስ በዚያ፣ ሳን ፈለ በምትባል የተራራ ከተማ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1800 ተወለዱ።

በዚያ ዘመን ኢጣልያ የምትባል አንዲት መንግሥት አልነበረችም። ምድሪቱ በልዩ ልዩ መንግሥታት ተከፋፍላ ደቡቡ ለናፖሊ ዙፋን ይገዛ ነበር። ከ1806 እስከ 1815 ደግሞ ፈረንሳውያን ናፖሊን ያዙ፤ ብዙ ገዳማትም ተዘጉ። ዮስጢኖስ ገና በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ናፖሊ ሄዱ። በ1818 በ18 ዓመታቸው የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖልን የላዛሪስት ማኅበር ገቡ፤ በ1824 በብሪንዲሲ ከተማ ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ።

የክህነት አገልግሎታቸውን የጀመሩት የጫማው ተረከዝ በሆነችው በፑልያ ነው። ይህች አገር በአብዛኛው ሜዳ ስትሆን ወይራ፣ ስንዴና ወይን ይበቅልባታል። በኦርያ፣ በሞኖፖሊና በሌቼ ሠሩ። የማኅበራቸው ዋነኛ ተግባር ወደ ገጠር ወጥቶ በድኾች መካከል እየሰነበቱ ወንጌልን ማስተማር፣ ኑዛዜ መቀበልና የተጣሉትን ማስታረቅ ነበር። በ1836 እና በ1837 በናፖሊ የኮሌራ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜም በሽተኞችን ከማገልገል አላፈገፈጉም።

በ1839 ወደ ኢትዮጵያ ተልከው ዓድዋ ደረሱ። በፑልያ ገጠር የለመዱትን ሥርዓት እዚህም አልተዉም፤ እንደ ሕዝቡ ለበሱ፣ ግእዝን፣ አማርኛንና ትግርኛን ተማሩ፣ የግእዙን ሥርዓተ አምልኮ አክብረው ያዙ፣ በጓላ ዘርአ ክህነት አቋቁመው የአገሩን ተወላጆች ለክህነት አሳደጉ። በ1849 አቡነ ማስያስ በምጽዋ ማዕርገ ጵጵስና ሰጧቸው።

መከራውም አልቀረም። ከባዕድ አገር የመጡ በመሆናቸው ብዙዎች ተጠራጠሯቸው፤ ስደት ተነሣባቸው፤ በ1854 በጎንደር ታሰሩ። ደቀ መዝሙራቸው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 በእስር እንዳሉ ዐረፉ። አቡነ ያዕቆብም ጁላይ 31 ቀን 1860 ወደ ሐላይ ሲጓዙ በመንገድ ላይ ዐርፈው ዛሬ በኤርትራ በምትገኘው በሄቦ ተቀበሩ። በ1975 ጳውሎስ ስድስተኛ ቅድስናቸውን አወጁ።

ውድ ምእመናን፣ እናንተም የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ እነዚህን ዓመታት አስተውሉ። የኢጣልያ መንግሥት የታወጀው እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1861 ነው። የኢጣልያ ጦር በዓድዋ ድል በሆነበት በ1896 ከተቀበሩ 36 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ስለዚህ ሃይማኖታችን ከወራሪ ጋር የመጣ ነው ለሚለን ሰው በቁጣ ሳይሆን በዚህ ታሪክ እንመልስ። አቡነ ያዕቆብ ጦር አላስከተሉም። ከትውልድ አገራቸው ይዘውት የመጡት ከድኻው ጎን መቀመጥን፣ በአድማጩ ቋንቋ መናገርንና መታገሥን ነው። እኛም ለማስተማር ስንወጣ ከዚህ የተለየ ስንቅ አያስፈልገንም።