ፍሬድሪክ ላንቸስተርና የዲስክ ፍሬን

በታምቡር ፍሬን የሚቆሙትን የአሮጌ አውቶሞቢል የኋላ ጎማዎች ወደ ዲስክ ፍሬን ለመለወጥ ሲታሰብ፣ ሥራውን የሚያከብደው ዲስኩን በቦታው ማሰር አይደለም። በታምቡር ውስጥ ያለው ሸራ፣ ታምቡሩ ሲዞር አብሮ እየተሳበ ይበልጥ ስለሚጣበቅ ከነጂው እግር ብዙ ኃይል አይፈልግም። ዲስክ ግን ይህን እርዳታ አይሰጥም፤ ከሁለት ወገን የሚጨምቁት መንጋጋዎች የሚይዙት በተጫኑበት ኃይል ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ የፍሬኑ ፖምፓ፣ ወደ ኋላ የሚላከው የዘይት ግፊትና የእጅ ፍሬኑ አሠራር እንደገና ሊመረመሩ ይገባል። ግፊቱ ካልተመጠነ፣ በድንገተኛ አቋቋም ጊዜ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ስለሚያጋድል፣ የቀለሉት የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይታሰሩና መኪናው ከመስመሩ ይወጣል።

ብረት ዲስክን ከአውቶሞቢል የኋላ ጎማ ጋር አያይዞ በመንጋጋ የሚጨምቅ ፍሬን በ1902 እ.ኤ.አ. በፈጠራ መብት ያስመዘገበው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ዊልያም ላንቸስተር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ላንቸስተር ጥቅምት 23 ቀን 1868 በለንደን ሉዊሻም በተባለው ሰፈር ከአርክቴክት አባት ተወለደ። በሳውዝሃምፕተን፣ ቀጥሎም በለንደን ሳውዝ ኬንሲንግተን ሳይንስና ምህንድስና ቢማርም፣ ያለ ዲግሪ ትምህርቱን ተወ። በ1889 በበርሚንግሃም የጋዝ ሞተር በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ ገና ወጣት ሳለ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያና ማስነሻ ፈለሰፈ። ሥራውን በኋላ ለወንድሙ ለጆርጅ ለቆ ወደ አውቶሞቢል ፊቱን አዞረ።

በዚያን ዘመን ብዙዎቹ አውቶሞቢል ሠሪዎች በፈረስ ሠረገላ ላይ ሞተር መጫንን እንደ በቂ ይቆጥሩት ነበር። ላንቸስተር ግን መኪናውን ከመሠረቱ እንደ አንድ መሣሪያ አሰበው። በ1896 መንገድ ላይ የወጣው የመጀመሪያ መኪናው አንድ ሲሊንደር ብቻ ነበረው። ንዝረቱ አላስደሰተውም። በመሆኑም በቀጣዩ ሞተር ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት ክራንክ ሻፍቶችን አደረገና፣ አንዱ የሌላውን መንቀጥቀጥ እንዲያጠፋ አስቻለ። በ1899 መጨረሻ ከወንድሞቹ ጋር ኩባንያ አቋቋመ። በዚያ ፋብሪካ አንዱ መለዋወጫ በሌላው ቦታ ያለ ሞረድ እንዲገባ ይፈለግ ነበር፤ ይህም ለዘመኑ ብርቅ ነበር።

የዲስክ ፍሬኑ ሐሳብ የመጣው በዚህ መካከል ነው። በጊዜው የፊት ጎማዎች በአብዛኛው ፍሬን ስላልነበራቸው፣ የማቆሙ ሸክም በሙሉ በኋላዎቹ ላይ ወድቆ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ዲስክ ለነፋስ የተጋለጠ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል፤ ታምቡር ግን ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፣ በረጅም ቁልቁለት ላይም ፍሬኑ ይደክማል። ሆኖም ላንቸስተር ለመንጋጋው ያገኘው ነገር መዳብ ነበር። መዳብ ከብረት ጋር ሲፋተግ ጆሮ የሚሰነጥቅ ጩኸት አሰማ፤ አስፋልት ያልለበሰው የእንግሊዝ መንገድ አቧራም በዲስኩና በመዳቡ መካከል እየገባ መዳቡን በፍጥነት በላው። ሄርበርት ፍሩድ የተባለው እንግሊዛዊ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አስቤስቶስን ለፍሬን ሸራ ሲያውል ለጩኸቱ መፍትሔ ተገኘ። (አስቤስቶስ ሳንባን የሚጎዳ መሆኑ በኋላ ስለታወቀ እንግሊዝ በ1999 ከልክላዋለች።) ነገር ግን ያለ ዘይት ግፊት፣ በዘንግና በሽቦ ብቻ፣ ዲስክን በሚበቃ ኃይል መጨመቅ አስቸጋሪ ነበር። በዚያው በ1902 ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ ያቀረበው ታምቡር ከአቧራ የተከደነ፣ በትንሽ ኃይል የሚሠራ ነበርና ገበያው የእርሱ ሆነ። የእንግሊዝ ሕግ በዚያን ጊዜ ለአንድ ፈጠራ የሚሰጠው መብት 14 ዓመት ነበር። ስለዚህ የላንቸስተር መብት ያለፈው ዲስኩን የሚጠቅም ሸራና የዘይት ግፊት በተራ መኪና ላይ ተሟልተው ከመገኘታቸው በፊት ነው።

ኩባንያውም አልቀናውም። መኪናው ፈላጊ ባያጣም፣ ካፒታሉ አነስተኛ ስለነበር በ1904 በአበዳሪዎች ቁጥጥር ሥር ወደቀ፤ በማግሥቱ ዓመት በአዲስ ስም ቢቋቋምም ላንቸስተር እንደ ቀድሞው ጌታ አልሆነበትም።

አእምሮው ግን አልቦዘነም። በ1897 ስለ ክንፍና ስለ አየር ኃይል ለሳይንስ ማኅበራት ያቀረበው ጥናት ውድቅ ሆኖበት ነበር፤ ሐሳቡን አስፋፍቶ በ1907ና በ1908 በሁለት መጻሕፍት አወጣው። ጀርመናዊው ሉድቪግ ፕራንትል በኋላ በሒሳብ ያጸናው የክንፍ ትምህርት ዛሬ የሁለቱንም ስም ይዞ ይጠራል። የክራንክ ሻፍትን ንዝረት የሚያበርድ መሣሪያ ሠራ፤ የዴይምለር ኩባንያ አማካሪ ሆነ። በ1916 ባወጣው መጽሐፍ የጦር ኃይል በቁጥር ስኩዌር እንደሚመዘን በሒሳብ አስረዳ። በ1922 የሮያል ሶሳይቲ አባልነት ተሰጠው።

ክብሩ እንዲህ ሲበዛ ኪሱ ግን ባዶ ነበር። በ1925 ለራዲዮ ድምፅ ማጉያ ሥራ ያቋቋመው ድርጅት በ1934 ተዘጋ። ፓርኪንሰን የተባለው በሽታ እጁን አንቀጠቀጠው፤ ዓይኑም ደከመ። መጋቢት 8 ቀን 1946 በበርሚንግሃም በሚገኘው ቤቱ በ77 ዓመቱ ሲሞት፣ ከፈጠራዎቹ ብዛት ጋር የሚመጣጠን ሀብት አልነበረውም።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1953 በፈረንሳይ ለማን በተካሄደው የ24 ሰዓት ውድድር፣ ደንሎፕ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ዲስኮች በአራቱም ጎማዎች የተገጠሙላቸው የጃጓር መኪናዎች ቀርበው አንደኛና ሁለተኛ ወጡ። በአውሮፕላን ጎማ ላይ የተፈተነው ዕውቀት ወደ አውቶሞቢል ተሻግሮ ነበር። የአሸናፊው አማካይ ፍጥነት በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ታምቡር የያዙት ተወዳዳሪዎች ከመታጠፊያው ርቀው ፍሬን ሲጀምሩ የጃጓር ነጂዎች እስኪቀርቡ ድረስ ይሮጡ ነበር። በ1957 ያው ኩባንያ ለሕዝብ በሚሸጠው ኤክስኬ 150 መኪና ላይ ዲስክን ከፊትም ከኋላም ገጠመ። ለእጅ ፍሬኑ ግን በኋላው ዲስክ ላይ በሽቦ የሚሳቡ ሌላ ትናንሽ መንጋጋዎች መጨመር ግድ ሆነ፤ እነርሱም ቁልቁለት ላይ የቆመን መኪና አጥብቀው ባለመያዛቸው ለረጅም ጊዜ ሲታሙ ኖረዋል።