ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፦ ሳቅንና ሞትን ያዋደደ ማሲንቆ

ከምንጃር ሸንኮራ አውድማ ተወቅቶ፣ ተበራይቶ፣ በጆንያ የተሞላው ጤፍ ብዙ ጊዜ ማረፊያው አዲስ አበባ ነው። በመርካቶ፣ አዲስ ከተማ፣ እህል በረንዳ ሲደርስ በወዛደር ትከሻ ይወርዳል፤ በሚዛን ይመዘናል፤ ማኛው ከሰርገኛው ይለያል። ነጋዴው እፍኝ አንሥቶ በመዳፉ ያየዋል፤ የምንጃር ከኾነ ዋጋውም ስሙም ከፍ ይላል።

ከዚያች የጤፍ ሀገር ወደ አዲስ አበባ የመጣው ግን እህል ብቻ አልነበረም። በዚያው ጎዳና አንድ ድምፅም መጥቷል። ያ ድምፅ ከአዲስ አበባ አልፎ በርሊን ደርሷል፤ ባለቤቱ ካለፉ ከስልሳ ዓመታት በኋላም ይሰማል። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፅ ነው።

ተሰማ እሸቴ በ1869 ዓ.ም በምንጃር ተወለዱ። ዘመኑ አዲስ አበባ ገና ያልተቆረቆረችበት፣ ዐፄ ምኒልክም የሸዋ ንጉሥ የነበሩበት ነው። ብላቴናው ያደገው የቃል ጥበብ በነገሠበት ሀገር ነበር። በሰርግ ዘፋኙ፣ በልቅሶ አስለቃሹ፣ በጦር ሜዳ አቅራሪው፣ በግብር አዳራሽ አዝማሪው ሁሉም በቃል ይመዘኑ ነበር። ጨዋታ የማያውቅ ሰው በሸንጎም በማዕድም ቦታው ጠባብ ነው። ተሰማ ለዛ፣ ፈጣን አእምሮና ለቅኔ የተገራ ምላስ ነበራቸው።

በ1900 ዓ.ም ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ አደረሰ። ምኒልክ ለአዲስ ነገር ልባቸው ክፍት ነበርና መኪናዋን የሚነዳና የሚጠግን ኢትዮጵያዊ እንዲኖር ፈለጉ። ለትምህርቱ ወደ ጀርመን ከተላኩት መካከል ተሰማ እሸቴ ይገኙበታል። የመኪና ሙያ ለመማር የሄዱት ሰው የሄዱበትን ተምረው፣ ያልታሰበውን ደግሞ ጨምረው ተመለሱ። በበርሊን ቆይታቸው በማሲንቆ እያዜሙ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ለገበያ በታተመ ሸክላ የዘፈነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሳቸው እንደኾኑ ይታመናል።

የተቀረጸ ድምፅ ለምኒልክ ቤተ መንግሥት ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። በ1890ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለንጉሠ ነገሥቱና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክታቸውን በፎኖግራፍ ልከው፣ ሁለቱም በራሳቸው ድምፅ መልሰዋል። ያ ግን የነገሥታት ጉዳይ ነበር። የተሰማ ሸክላ የማሲንቆን ድምፅ፣ የአዝማሪን ጨዋታና የሀገሬውን ግጥም ከቅጽበት አላቅቆ ለተከታዩ ትውልድ አኖረ።

ይህ ምን ያህል ታላቅ ነገር እንደኾነ ለመረዳት የአዝማሪን ጥበብ ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የአዝማሪ ግጥም በአፍ ተወልዶ በአፍ የሚያልፍ ነው። አድማጩ ተቀበል ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል፤ ከራሱም ጨምሮ ይመልሳል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። በማግስቱ ግን ግጥሙ ከአንዳንድ ሰው ትዝታ በቀር የትም አይገኝም።

በዚህ ጥበብ ውስጥ ሳቅና ሞት ጎረቤታሞች ናቸው። በሀገራችን የአዝማሪ ወግ ጨዋታው ሞቅ ከማለቱ አስቀድሞ ዘለሰኛ ይዜማል። ዘለሰኛ ዓለም አላፊ፣ መልክ ረጋፊ መኾኑን የሚያስታውስ፣ ፈጣሪንና የመጨረሻዋን ቀን የሚያሳስብ ዝግ ያለ ዜማ ነው። ከዚያ በኋላ ፍቅሩ፣ ሙገሳው፣ ሽሙጡ ይከተላል። ቅደም ተከተሉ ያለ ምክንያት አልተሠራም። መሞቱን ያሰበ ሰው በባልንጀራው ቀልድ አይቆጣም፤ ባለጸጋውም ሀብቱ እንደማይከተለው ከሰማ በኋላ በሽሙጡ አብሮ ይስቃል።

ለዚህም መሣሪያው ሰምና ወርቅ ነው። አማርኛ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። ይበላል የሚለውን ቃል እንውሰድ። ላልቶ ሲነበብ ሰው እህል ይበላል ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ተበይው ሰውየው ራሱ ይኾናል። ሲበላ የኖረ ሰው በመጨረሻ በአፈር ይበላል። ሰሙ ማዕድ፣ ወርቁ መቃብር ነው። አድማጩ በሰሙ ስቆ ሳይጨርስ ወርቁ ይገለጥለታል፤ ሳቁም ወደ ትካዜ ይመለሳል። ተሰማ እሸቴ የተደነቁት በዚህ ጥበብ ነው። ዝናቸው ከመሣሪያ ጨዋታቸው ይልቅ በቃላት አገባባቸውና በፈጣን መልሳቸው የጸና ነበር።

ከጀርመን ሲመለሱ ሀገሪቱ በታላቅ ጥርጣሬ ውስጥ ነበረች። ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ታመው አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱ ወደ ሥልጣን እየቀረቡ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም ሲያርፉ ሞታቸው ተደበቀ፤ ለዓድዋው ድል አድራጊ በጊዜው ይፋ ልቅሶ አልተለቀሰም። አስለቃሽና ሙሾ አውራጅ በሞላበት ሀገር ትልቁ ሞት ያለ ሙሾ አለፈ።

ወጣቱ ልጅ ኢያሱ ጨዋታ አዋቂውን ተሰማን ወደዷቸው፤ አቀረቧቸው፤ የነጋድራስነት ሹመትም ሰጧቸው። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ነው። ቀረጥ ይሰበስባል፤ ገበያ ያስተዳድራል፤ የነጋዴን ክርክር ይዳኛል። የምንጃሩ ባለ ማሲንቆ የነጋዴው አለቃ ኾኑ። በዚያ ዘመን የከተማዋ ዋና ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ የዛሬው እህል በረንዳ ገና አልተፈጠረም።

ይህ ሹመት ሌላም ትርጉም ነበረው። ኅብረተሰባችን አዝማሪን እየወደደ ይንቀው ነበር፤ በሰርጉ ይጠራዋል፤ በጋብቻ ግን ይሸሸዋል። ማሲንቆ የያዘ እጅ የሹመት ማኅተም መያዙ ለብዙዎች የማይዋጥ ነበር። ተሰማ ግን ሹመቱን ሲያገኙ ጨዋታቸውን አልተዉም።

ሹመቱ ዕድሜ አልነበረውም። በመስከረም 1909 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የቅርብ ሰዎቻቸውም አብረዋቸው ወረዱ። ነጋድራስ ተሰማ ሥልጣናቸውን አጥተው ከመሐል ሀገር ርቀው ለመኖር ተገደዱ። ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት በ1914 ዓ.ም በጅማ ነው። ልጅ ኢያሱም ለረጅም ዘመን ታስረው በ1928 ዓ.ም አረፉ። ስለ ዓለም አላፊነት ሲዜም የሰሙና ያዜሙ ሰው ነገሩን በገዛ ሕይወታቸው አዩት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ቀልድ ራሱ ነፍስ የሚያስከፍልበት ኾነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ጭፍጨፋ ተፈጸመ። በቀጣዩ ወርም ግራዚያኒ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን እየታደኑ እንዲገደሉ አዘዘ። አዝማሪው ጦር አልመዘዘም፤ መድፍም አልነበረውም። ወራሪው ግን በሰሙ ውስጥ የተደበቀው ወርቅ ምን እንደሚያቀጣጥል ተረድቶ ነበር። ይኸው ወራሪ ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሥፍራ አዛወረው። በዚያን ጊዜ ብዙ ማሲንቆ ከነባለቤቱ ጠፋ፤ ያዜሙት ዜማም ሳይቀረጽ አብሯቸው ተቀበረ። የተሰማ ሸክላ ምን እንዳተረፈ የሚታወቀው ከዚህ አንጻር ሲታይ ነው።

ነጋድራስ ተሰማ ነጻነት ተመልሶ አይተዋል። ልጃቸው ይድነቃቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ዝናን ሲያተርፉ፣ ኢትዮጵያም በ1954 ዓ.ም በይድነቃቸው አሠልጣኝነት የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ በሕይወት ነበሩ። በ1957 ዓ.ም በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ልጃቸው በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን እስከ ዕለተ ሞታቸው በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። የአባታቸው ግጥሞችና ቅኔዎች ሰምና ወርቅ በሚል ርእስ በመጽሐፍ እንዲሰበሰቡም የልጃቸው ድካም አለበት።

ሸክላ በቀላሉ ይሰበራል። ከእጅ ካመለጠ አይጠገንም፤ ሙቀት ያጣምመዋል፤ መርፌውም ባጫወተው ቁጥር ይፍቀዋል። ስለ ሞት የሚያዜም ጥበብ እንዲህ ባለ ደካማ ነገር ላይ ተጽፎ መቶ ዓመት መሻገሩ ራሱ ቅኔ ይመስላል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ባሳተመበት ኢትዮፒክ በተሰኘው ተከታታይ ሥራ 27ኛውን ቁጥር ለተሰማ ሰጥቶ፣ የመጀመሪያውን ቀረጻ መቶኛ ዓመት አስቦበታል። ድምፃቸው በርሊን ተቀርጾ ፓሪስ መታተሙ ደስ ያሰኛል፤ ያስቆጫልም። በየወረዳችን ዛሬም ሳይቀረጹ የሚያልፉ አዛውንት አዝማሪዎች አሉና።

እህል በረንዳ ላይ የምንጃር ጤፍ ዛሬም ይወርዳል። የሚጭነው፣ የሚያወርደው፣ የሚሸምተው ሰው ከዚያው ሀገር ወጥተው የነጋዴ አለቃ ስለኾኑት ባለ ማሲንቆ ላያስብ ይችላል። እህሉ በዓመቱ ተዘርቶ ይተካል። አዝማሪ ግን ሲያልፍ ያልተቀረጸው ዜማው አብሮት ያልፋል፤ በማግስቱም አይዘራም።