ቀዳዳውን ወደ መርፌው ጫፍ ያወረደው ሰው፦ ኤልያስ ሃው (1819–1867)

የእጅ መርፌንና የስፌት መኪና መርፌን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለተመለከተ ሰው ልዩነታቸው ወዲያው ይታየዋል። የእጅ መርፌ ቀዳዳ በስተኋላው፣ በወፍራሙ ጫፍ ላይ ሲገኝ፣ የመኪናው መርፌ ቀዳዳ ግን ጨርቁን ቀድሞ በሚወጋው በስለታሙ ጫፍ አጠገብ ነው። በልክ ሲታይ ለውጡ የጥቂት ሳንቲሜትር ነው። ሆኖም የሰው ልጅ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲሰፋበት የኖረውን ዘዴ የለወጠው፣ በየቤቱና በየልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ የምናያትን መኪና ያስገኘው እርሱ ነው። ከዚህ ለውጥ ጋር ስሙ ተያይዞ የሚነሣው አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው ነው። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው እንደ ድልና እንደ ሀብት ታሪክ ነው። እኔ ግን ለሙያ ባልደረቦቼ ላቀርበው የፈለግሁት በሌላ ጎኑ ነው፤ ይኸውም አንድ ትክክለኛ ሐሳብ ከመሥሪያ ጠረጴዛ ተነሥቶ ሰው ቤት እስኪደርስ ስንት እጅ እንደሚያልፍና ዋጋውን ማን እንደሚከፍል በሚያሳየው ጎኑ። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሃው የተወለደው ጁላይ 9 ቀን 1819 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፔንሰር በተባለች መንደር ነው። አባቱ ገበሬም ባለወፍጮም ስለ ነበር ልጁ ከሚሽከረከር ነገር ጋር አደገ። በ1835 ሎዌል ወደ ተባለችው የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ሄዶ የፋብሪካ መኪናዎች ከሚሠሩበት ቤት ተቀጠረ። በ1837 በደረሰው የገንዘብ ቀውስ ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ወደ ቦስተን አካባቢ ተሻገረ፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ የመርከብ ሰዓትና ልዩ ልዩ የትክክለኛ ልክ መሣሪያዎች ይሠራ ከነበረው ከአሪ ዴቪስ ዘንድ ሥራ አገኘ። ከሎዌል የሽመናን መኪና፣ ከዴቪስ ቤት ደግሞ ጥቃቅን ብረትን በልክ መሞረድን ተማረ፤ ውሎ አድሮ ሁለቱም አስፈለጉት።

በ1841 ኤልሳቤጥ ኤምስን አገባ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ። ደመወዙ ትንሽ፣ ጤናውም ደካማ ነበር። ልብስ የሚሰፋ መኪና የሚፈጥር ሰው ባለጸጋ እንደሚሆን በዴቪስ ቤት ሲወራ መስማቱ ይነገራል። ታሞ በተኛባቸው ቀኖችም ሚስቱ ቤተሰቡን ለመመገብ የሰው ልብስ እየተቀበለች በእጇ ስትሰፋ፣ እርሱ የክንዷን እንቅስቃሴ በዓይኑ ይከተል እንደ ነበር ታሪኩን የጻፉት ያወሳሉ።

የመጀመሪያ ሙከራው ያንኑ የእጅ እንቅስቃሴ በብረት መቅዳት ነበር። በሁለቱም ጫፍ የሾለ፣ ቀዳዳው መካከል ላይ የሆነ መርፌ ሠርቶ ወዲያና ወዲህ በጨርቁ ሊያሳልፈው ሞከረ፤ አልሆነለትም። ችግሩ ለመሐንዲስ ግልጽ ነው። በእጅ ስፌት መርፌው ሙሉ በሙሉ በጨርቁ ያልፋል፤ ጣት ከወዲህ ይለቀዋል፣ ከወዲያ ይቀበለዋል፣ ክሩም በሙሉ ርዝመቱ ይከተለዋል። ለመኪና ደግሞ አንድን ቀጭን ነገር ለቅቆ መልሶ መያዝ እጅግ አስቸጋሪ ሥራ ነው። በ1844 ገደማ ግን ሃው እጅን መምሰሉን ተወ። መርፌው ከያዘው ክንድ ሳይለቅ ጨርቁን ወግቶ ቢመለስ፣ ቀዳዳውም ጫፉ አጠገብ ቢሆን፣ ከጨርቁ ወዲያ የክር ቀለበት ይተዋል። በዚያ ቀለበት ውስጥ ሁለተኛ ክር የያዘ ነገር ካለፈ ሁለቱ ክሮች በጨርቁ መካከል ይቆላለፋሉ። ያን የሚያልፈውን ነገር ሃው ከሎዌል ያውቀው ነበር፤ የእኛ ሸማኔ ማጉን አሲዞ በድሩ መካከል የሚወረውራት የመወርወሪያ ታናሽ እኅት ናት።

ስለዚህ መርፌ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አንድ ተረት አለ። ሃው በሕልሙ ጦረኞች ከብበውት፣ የያዙት ጦር ሁሉ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ነበረውና ከእንቅልፉ ሲነቃ መፍትሔውን አገኘ ይባላል። ለማውጋት ያምራል፤ እኔ ግን ብዙም አልቀበለውም። ጫፉ አጠገብ ቀዳዳ ያለው መርፌ ከሃው በፊት በአውሮፓም በአሜሪካም ተሠርቶ ነበር። የእርሱ ድካም መርፌው፣ መወርወሪያዋና ጨርቁን የሚያራምደው ክፍል ከአንድ ዘንግ ኃይል ተቀብለው፣ ሳይጋጩ፣ እያንዳንዳቸው በተራቸው እንዲሠሩ ማድረግ ነበር። ይህ ደግሞ በሕልም አይገኝም፤ በሞረድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ። በቤታችን እናቴ የምትሰፋባት፣ በእግር የምትረገጥ መኪና አለች። እኔ ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅሁበት ዓመት መኪናዋ ስፌት ትዘል፣ ክርም ትበጥስ ጀመር። የዲግሪዬን ክብር ለማስጠበቅ መፍቻ አነሣሁና ሁለት ቀን ሙሉ ስፈታትና ስገጥማት ሰነበትሁ፤ ባሰባት። በመጨረሻ እናቴ መርፌውን ነቅላ ጫፉን በአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ሳብ አደረገችውና መዶልዶሙን ነገረችኝ። አዲስ መርፌ ከተተችላት፤ መኪናዋም ምንም እንዳልነካት ሁሉ ሰፋች።

መርፌን በአጉሊ መነጽር ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ ወገኑ ከላይ እስከ ቀዳዳው የሚወርድ ረጅም ቦይ አለው፤ መርፌው ሲወርድ ክሩ በዚያ ቦይ ተኝቶ ከጨርቁ ጋር ሳይፋተግ ይገባል። በሌላው ወገን፣ ከቀዳዳው ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። መርፌው እስከ መጨረሻው ወርዶ ጥቂት ሚሊሜትር መለስ ሲል በዚህ ወገን ያለውን ክር ጨርቁ ስለሚይዘው ክሩ ወደ ጎን ይወጣና ቀለበት ይሆናል። የመወርወሪያዋ፣ በዛሬዎቹም መኪናዎች የመንጠቆው ጫፍ የሚገባው በዚያች ቅጽበት ነው። መርፌው በጥቂቱ ቢታጠፍ፣ ወይም ወደ ላይ እስኪነካ ሳይገባ ቢታሰር፣ ወይም ፊቱ ቢዞር መንጠቆው ቀለበቱን ይስተዋል። ስፌት ዘለለ የምንለው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ መርፌን እስኪሰበር መጠበቅ ቁጠባ አይደለም፤ ስምንት ሰዓት ያህል ከሰፋ በኋላ መለወጥ ይመከራል። ቁጥሩም ትርጉም አለው፤ 80 የተባለው ውፍረቱ 0.8 ሚሊሜትር፣ 100 የተባለው 1 ሚሊሜትር ነው። ለስስ ጨርቅ 70፣ ለአቡጀዲና ለሸሚዝ 80፣ ለካኪና ለጂንስ 90 ወይም 100 ይስማማል። ለካናቴራና ለሚለጠጥ ጨርቅ ሁሉ ደግሞ ክሩን ሳይበጥስ ገፋ አድርጎ የሚያልፍ፣ ጫፉ ድቡልቡል ያለ መርፌ አለ። ከዚህ ሌላ መርፌው ከሚወርድበት ብረት ሥር የሚከማቸውን ብናኝ በብሩሽ መጥረግ፣ በየዘይት መስጫው አንድ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ማድረግ፣ ከዚያም ትርፉ ዘይት እስኪወጣ በቁራጭ ጨርቅ ላይ መስፋት ነው። የምግብ ዘይት ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ያጣብቃታልና አይነካካት።

እኔም ከዚያ ወዲህ መፍቻውን አስቀምጬ መስፋቱን ተማርሁ። ቀኑን በስሌትና በስብሰባ የሚያሳልፍ ሰው፣ ማታ አንድ ሸሚዝ በእጁ ተቆርጦ፣ በእጁ ተሰፍቶ፣ አልቆ ሲያየው የሚሰማውን ደስታ ያልሞከረው አያውቀውም። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ ሱሪ ማሳጠር ሲያምራቸው ግን የሚመጡት ወደ እኔ ነው።

ወደ ሃው እንመለስ። ሐሳቡን በብረት ለማውጣት ገንዘብ ስላልነበረው፣ ጆርጅ ፊሸር የተባለ የከሰልና የማገዶ ነጋዴ ጓደኛው ቤተሰቡን ከቤቱ ተቀብሎ ሊያኖርና 500 ዶላር ሊሰጠው ተስማማ፤ በምላሹ የፈጠራው መብት እኩሌታ የፊሸር እንዲሆን ነበር። በ1845 መኪናው ሠራ። ሁለት ሙሉ ልብስ ተሰፋበት፤ አንዱ ለፊሸር፣ አንዱ ለሃው። ከዚያም ሃው መኪናውን ቦስተን ወደሚገኝ የልብስ ማምረቻ ወስዶ ከአምስት ፈጣን ሴት ሰፊዎች ጋር ተወዳደረ። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ፣ ለእርሱ አምስት ስፌት ተሰጠው፤ በደቂቃ 250 ጊዜ እየወጋ ቀድሟቸው ጨረሰ።

አንድም ገዢ አልመጣም። ልብስ ሰፊዎች እንጀራቸውን እንዳያጡ መፍራታቸው እውነት ነው፤ በፈረንሳይ የባርተሌሚ ቲሞኒየርን 80 ያህል መኪናዎች በ1831 ሰባብረውበት ነበር። የመኪናው ዋጋም 300 ዶላር ያህል ነበረ። ነገር ግን ጥፋቱ ሁሉ በገዢዎች ላይ ሲጣል ሳነብ አልስማማም። የሃው መርፌ ቆልማማ ሆኖ በአግድም ይሄድ ነበር። ጨርቁ ደግሞ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሾህ በተተከለበት ብረት ላይ ይሰካል፤ ብረቱ መጨረሻው ሲደርስ መኪናው ይቆምና ጨርቁ ተነቅሎ እንደገና ይሰካል። እጅጌን ከትከሻ ጋር በእንዲህ ያለ መኪና መግጠም ከባድ ነው። ሃው በዚያን ጊዜ የፈጠረው ስፌቱን ነበር፤ ሰው ሊሠራበት የሚወደው የስፌት መኪና ገና አልተወለደም። የሆነው ሆኖ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1846 የፈጠራ መብት በቁጥር 4,750 ተሰጠው።

በአገሩ ገበያ ቢያጣ ወንድሙን አማሳን ወደ ለንደን ላከው። በዚያም ዊልያም ቶማስ የተባለ የኮርሴትና የጃንጥላ አምራች መኪናውን ከእንግሊዝ አገር መብቱ ጋር በ250 ፓውንድ ገዛ። በ1847 ሃው ራሱ ቤተሰቡን አስከትሎ ለቶማስ ሊሠራ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ተጣሉ። ችግር ሲጸና ቤተሰቡን አስቀድሞ ወደ አሜሪካ ሰደደ፤ ለመሳፈሪያውም የመኪናውን ሞዴልና የመብቱን ወረቀት በመያዣነት አስይዞ ተበደረ። በ1849 አገሩ ሲገባ ኤልሳቤጥ በሳንባ ነቀርሳ ታማ በመሞት ላይ ነበረች። ደረሰባት፤ ግን ከጥቂት ቀን በላይ አብሯት አልቆየም። ለቀብሯ የለበሰው ልብስ የተውሶ እንደ ነበር ይነገራል። በመርፌዋ ያስተዳደረችው ሴት ከዚህ ሁሉ ድካም አንድ ሳንቲም አላየችም፤ ታሪኩን ሳነብ ሁልጊዜ የሚከብደኝ ቦታ ይህ ነው።

ሃው በእንግሊዝ አገር ሳለ በአሜሪካ የስፌት መኪና መሸጥ ጀምሮ ነበር። አለን ዊልሰን ጨርቁን በእያንዳንዱ ስፌት የሚያራምዱ ጥርሶችን፣ አይዛክ ሲንገር ደግሞ በ1851 ቀጥ ብሎ የሚወርድ መርፌንና ጨርቁን የሚጫነውን እግር ይዘው መጡ። ሃው ያልፈታውን ፈትተውታል፤ ሁሉም ግን የእርሱን መርፌና ሁለት ክር ይጠቀሙ ነበር። ሃው ከሰሳቸው። ሲንገርም መከላከያ ሲፈልግ ዋልተር ሃንት የተባለውን የኒው ዮርክ ሰው አገኘ። ሃንት በ1834 ገደማ ጫፉ አጠገብ ቀዳዳ ያለው መርፌና መወርወሪያ ያለበት መኪና ሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን መብቱን ሳያስመዘግብ ተወው። በእጃቸው ሰፍተው የሚያድሩ ሴቶች ሥራ እንዳያጡ ልጁ እንደ ለመነችው ይነገራል። ይህ ሃንት በ1849 የመርፌ ቁልፍን ፈጥሮ መብቱን በ400 ዶላር የሸጠው ሰው ነው። የፈጠራ መብት ሹሙም ፍርድ ቤቱም ሥራውን ትቶታልና የሃው መብት አይነካም አሉ። በ1854 ሲንገር 15,000 ዶላር ከፈለ። ሕጉ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም የሃንት ስም በየትኛውም መኪና ላይ አለመጻፉ ያሳዝነኛል።

በ1856 ሲንገር፣ ዊለርና ዊልሰን፣ ግሮቨርና ቤከር፣ ሃውም እርስ በርስ መካሰሱን ትተው መብታቸውን በአንድ ላይ አደረጉ። ሌላው አምራች በእያንዳንዱ መኪና 15 ዶላር እየከፈለ ይሠራ ነበር፤ ሃው በአገር ውስጥ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ 5 ዶላር ይደርሰዋል። ለስምምነቱ ሃው ያቀረበው ቅድመ ሁኔታ ፈቃድ የሚሰጣቸው አምራቾች ከ24 እንዳያንሱ ነበር፤ ለራሱም ጥቅም ይሁን ለገበያው፣ አስተዋይ አሳብ ነው። በዚያው ዓመት የሲንገር ድርጅት በየወሩ እየተከፈለ መሸጥ ስለ ጀመረ መኪናዋ ከፋብሪካ ወደ ቤት ገባች። ዊለርና ዊልሰን ባወጡት ስሌት በእጅ ከ14 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው የወንድ ሸሚዝ በመኪና በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ይሰፋ ነበር። ሻጮች ያወጡት ስሌት ስለሆነ ጥቂት ቀንሰን ብንወስደው እንኳ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሃው በእነዚያ ዓመታት ያገኘው ገንዘብ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ያህል ይገመታል። በ1862 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ17ኛው የኮኔቲከት እግረኛ ክፍለ ጦር ተራ ወታደር ሆኖ ዘመተ። ጤናው ስላልፈቀደለት ደብዳቤ አመላላሽ ሆነ፤ ደመወዝ በዘገየ ጊዜም የክፍሉን ወታደሮች ከራሱ ገንዘብ እንደ ከፈላቸው ይነገራል። በ1867 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። ኦክቶበር 3 ቀን በዚያው ዓመት በ48 ዓመቱ ብሩክሊን ውስጥ ዐረፈ። በ1860 ለሰባት ዓመት የተራዘመለት የፈጠራ መብቱ ያበቃው ከሞቱ 23 ቀን ቀደም ብሎ ነበር።